ከጎጃም ወጥቶ ባሕር ማዶ የገባ ሰው ለምን ይወፍራል?

ውጭ አገር ከርሞ የተመለሰ ሰው ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ከመኪና ሲወርድ፣ ተቀባዮቹ ከሰላምታው ቀጥለው የሚናገሩት ስለ ሰውነቱ ነው። ጉንጩ ሞልቶ፣ ሆዱ ገፋ ብሎ ከመጣ «ተመችቶሃል» ይባላል። እንደ ሄደ ቀጭን ሆኖ ከመጣ እናት ታዝናለች፣ ጎረቤትም «ምነው፣ አልቀናውም እንዴ?» ይላል። ይህ ፍርድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት፣ ቀኑን ሙሉ በሬ ተከትሎ በሚዋልበት ማሳ፣ ገላ መሙላት የጥጋብና የጤና ምልክት ነበር። ዛሬ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሪያድ በሚኖር የጎጃም ልጅ ላይ የሚጨመረው ኪሎ ግን የምቾት ምስክር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው እንቅልፍ ባጣ፣ ሁለት ሥራ በሚሠራ፣ ምሽት ላይ ብቻውን በሚበላ ሰው ላይ ነው። ምክንያቱን በደንብ ካልተረዳን ወይ በሆዳምነት እናማዋለን፣ ወይ በምቾት እናሞግሰዋለን። ሁለቱም አይጠቅሙትም።

ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው ኃይል በካሎሪ ይለካል። ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን በስብ መልክ ያስቀምጣል። ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ብዙ ሰው የማይገምተው ትርፉ ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ በየቀኑ 100 ካሎሪ ብቻ አትርፎ የሚበላ አዋቂ ሰው በሦስት ዓመት ገደማ ወደ 4.5 ኪሎ ይጨምራል፤ ግማሹንም በመጀመሪያው ዓመት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው። እንግዲህ ሰው ለመወፈር ሆዳም መሆን አያስፈልገውም። አገር ቤት ዘይት በውድ ስለሚገዛ እናት ድስቱ ላይ በስስት ታፈሳለች። ባሕር ማዶ ያው ዘይት በትልቅ ጀሪካን በርካሽ ይገኛል፤ ያው ወጥ በእጥፍ ዘይት ይሠራል፤ የሚበላው ሰውም «እኔ እንደ ድሮዬ ሽሮዬን ነው የምበላው» ይላል። አልዋሸም። ልዩነቱ ዓይን የማይለየው ስለሆነ ነው።

የስደትን ውጤት ከዕድሜና ከሌላው ነገር ለይቶ ማየት ከባድ ነው። ጥሩው መንገድ አንድን ሕዝብ በገጠሩ፣ በአገሩ ከተማና በባሕር ማዶ ማወዳደር ነው። ይህን በጋናውያን ላይ ያደረገ ትልቅ ጥናት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል። በጋና ገጠር ከሚኖሩ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በጋና ከተሞች 34 በመቶ፣ በለንደን 54 በመቶ። ወንዶቹ ደግሞ ከገጠሩ 1 በመቶ ገደማ ተነሥተው በከተማ 7፣ በለንደን 21 በመቶ ደርሰዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል እኔን የሚያሳስበኝ የለንደኑ አይደለም። በሴቶቹ ላይ ከሚታየው ልዩነት ከግማሽ በላዩ ያለው በገጠርና በከተማ መካከል ነው፤ አውሮፕላን ገና ሳይታሰብ። ወደ ራሳችን ስናመጣው ከቢቡኝ ወይም ከሰከላ ወጥቶ ባሕር ዳር ቢሮ የገባ ሰው የመንገዱን ትልቅ ክፍል ተጉዟል ማለት ነው። በባጃጅ ይሄዳል፣ ወንበር ላይ ይውላል፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ከደጁ ያገኛል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ «የእነዚያ የውጭዎቹ» ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ቀሪው ሥራ የጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከሌላ አገር የመጡ ነዋሪዎችን በቆዩበት ዘመን ከፋፍሎ ተመልክቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በታች ከቆዩት ውስጥ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩት ግን 19 በመቶ ናቸው። ሰዎቹ ሲገቡ ከአገሬው ሰው ቀጭን ናቸው፤ ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ወደ እርሱ ይጠጋሉ።

ሥራው ቀረ፣ ረኃቡ አልቀረም

በጎጃም ገጠር ማንም «ስፖርት እሠራለሁ» ብሎ አያውቅም። ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ቅዳሜ ገበያ በእግር ደርሶ መመለስ ቀኑን ይሞሉታል። ያን ያህል የሚሠራ ሰው ትልቅ እንጀራ አጥፎ ቢበላ ይገባዋል። ይኸው ሰው ባሕር ማዶ ታክሲ ሲነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ወይም ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሲቆም የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል። ረኃቡ በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግር አይኖርም ነበር፤ ግን አይቀንስም። ዣን ማየር የተባለ የሥነ ምግብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል የጁት ፋብሪካ ሠራተኞችን ሲያጠና፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉት ቀላል የጉልበት ሥራ ከሚሠሩት የበለጠ ይበሉ እንደነበር፣ ክብደታቸውም ከእነርሱ እንደሚበልጥ አይቷል። ሰውነት ጥቂት ሲንቀሳቀስ ረኃቡን ከሥራው ጋር ማመጣጠን ይሳነዋል። የለመደው የምግብ መጠን ሳይነካ ይቀመጣል፤ የለመደው ድካም ግን ይጠፋል።

ጾሙስ? ይህ ለጎጃም ሰው ትልቁ ጉዳይ ነው፤ የውጭ አገር የሥነ ምግብ ባለሙያም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ጾሞችን ሁሉ ቢጠብቅ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል፤ ካህናቱ ወደ 250 ቀን ይደርሳሉ። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት ጾምና ነነዌ አሉ፤ ከበዓለ ሃምሳ በቀር በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ። መንፈሳዊውን ትርጉም ለሊቃውንቱ ትቼ ሰውነት ላይ የሚሠራውን ብቻ ልናገር። ጾም የሚበላውን ይለውጣል። የሚበላበትን ሰዓት ወደ ስድስት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋል። ደግሞም መንደሩ ሁሉ አብሮ ስለሚጾም ማንም ብቻውን አይፈተንም።

ባሕር ማዶ ብዙዎች ጾማቸውን አልተዉም፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሥራው በሰዓት የተቀጠረ ስለሆነ ጠዋት ይበላል። ከዚያም የጾም ምግብ ፍለጋ ሱቅ ይገባል። በዘይት የተጠበሰ ድንች በላስቲክ ታሽጎ አለ፤ ወተት የሌለበት ብስኩት፣ ማርማላታ የተቀባ ነጭ ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ለስላሳ መጠጥ አለ። አንዳቸውም ጾም አያስፈርሱም፤ ሁሉም ግን ኃይላቸው ከፍተኛ ነው። እናቱ ቤት የጾም ቀን ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር መብላት ነበር።

የፍስኩም ነገር ተለውጧል። አገር ቤት በፍስክ ቀንም ቢሆን የአብዛኛው ገበሬ ቤት ወጥ ሽሮ ነው። ዶሮው ለፋሲካና ለገና፣ ቅርጫው ለበዓል፣ ቅቤው ለእንግዳና ለአራስ ነው። ባሕር ማዶ ሥጋ ከደመወዙ አንጻር ርካሽ ስለሆነ የፋሲካው ገበታ የማክሰኞ ራት ይሆናል። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በልጅነቱ ሥጋን በዓመት ጥቂት ጊዜ ያየ ሰው ሲያገኝ ቢበላ ምን ይገርማል? መታወቅ ያለበት በዓመት ለጥቂት ቀን የተሰናዳ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ሲበላ ውጤቱ ሌላ መሆኑ ነው። ረመዳንን ለሚጾሙ የጎጃም ሙስሊሞችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ማፍጠሪያው ላይ ጣፋጩና ጥብሱ ከበዛ የቀኑ ጾም የቀነሰውን ሌሊቱ ይመልሰዋል።

እንጀራው ራሱ እንጀራ ነው ወይ?

የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ በመላው አገሪቱ የታወቀ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ መፍጨት አይቻልም፤ ከነሙሉ አካሉ ይፈጫል። ስለዚህ ፋይበር የሚባለው፣ አንጀት የማይፈጨውና ጥጋብን የሚያቆየው ክፍል እንጀራው ውስጥ ይቀራል። ባሕር ማዶ ጤፍ ውድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ ግዛት ቢመረትም ዋጋው ከስንዴ ጋር አይወዳደርም። ከዚህ የተነሣ ብዙው እንጀራ በነጭ የስንዴ ዱቄት፣ በሩዝ ወይም በሌላ እህል ዱቄት ይደባለቃል። መልኩና ዓይኑ እንጀራ ነው፤ ከሆድ የሚቆይበት ጊዜ ግን ያነሰ ነው። እንጀራ ያወፍራል ብለው ከገበታቸው ያስወጡት ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ የምመክረው እርሱን አይደለም። ጠቆር ያለ የጤፍ እንጀራ በመጠኑ፣ ምስርና ጎመን ተደርጎበት፣ ዘይቱ ተቀንሶ ሲበላ ባሕር ማዶ ከሚገኙት ራቶች ከአብዛኞቹ ይሻላል።

አብሮ የቀረ ሌላ ነገር አለ፤ በእጅ የሚቆረጠም ምግብ። ጎጃም ውስጥ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራና ግብጦ በኪስ ይያዛል። በተለይ ግብጦ ተቆልቶ፣ ቀናት ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ምሬቱ ሲወጣለት፣ ፕሮቲንና ፋይበር የሞላበት ምግብ ነው፤ ጥቂቱ ያጠግባል። ባሕር ማዶ የእርሱን ቦታ የያዘው ቸኮሌትና ብስኩት ነው።

ስለ ፋብሪካ ምግብ የተለየ ማስረጃ አለ። ኬቪን ሆል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሙከራ 20 ሰዎች በአንድ የምርምር ማዕከል ውስጥ እንዲቀመጡ ተደርጎ፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የሁለቱ ገበታ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር የተመጣጠነ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ጠባያቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የቀረበላቸው ምግብ ነው። «ራሱን መግዛት አቃተው» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

መጠጡ ከምግቡ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፈሳሽ ካሎሪ ጥጋብ አይሰጥም። አንድ ጣሳ፣ ማለትም 355 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ አሥር የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ይመረጣል ይላል። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው እንቅልፉን ለማባረር እንዲህ ያለውን ሁለት ሦስት ጣሳ ይጠጣል።

እንቅልፍ ማጣቱም ብቻውን ያስርባል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ የመራብ ስሜታቸው ከ10 ሰዓት እንቅልፍ ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ ጨመረ። ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ጨመረ፤ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ቀነሰ። በዋሽንግተን ዙሪያ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ወንድማችን ንጋት ላይ ቤቱ ገብቶ ድስት ሲከፍት የሚበላው ይህ ሆርሞን ጭምር አስርቦት ነው።

ሁሉም ግን አይወፍርም። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ እኅቶቻችን ውስጥ ከስተው የሚመለሱ አሉ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ፤ የሚበሉት አሠሪዎቻቸው ከተነሡ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ምግቡም ያልለመዱት ነው። ሐዘንና ናፍቆት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያው አገር፣ ከቤት መውጣት ተከልክለው፣ ሩዝና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ እየቀረበላቸው ይወፍራሉ። ፍጥነት ያለው መክሳት፣ በተለይ ከመጠማትና ቶሎ ቶሎ ከመሽናት ጋር ከመጣ፣ የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። «አገሩ አልተስማማትም» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ መመርመር አለባት።

ቀጭን መስሎ መታመም

እስካሁን ስለ ኪሎ ተናገርኩ። ከኪሎው የሚያስፈራው ግን ከጀርባው ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንደ ቆዩ በፍጥነት በዛ። እነዚህ ሰዎች ከዓባይ ማዶ፣ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ፣ እንደ እኛው ጤፍና ሽሮ የበሉ ናቸው። የእስራኤል ሐኪሞች ካዩት ነገር ዋናው በሽታው ብዙም ባልወፈሩት ላይ ጭምር መታየቱ ነው። ትንሽ ስብ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ከተጠራቀመ፣ ይበቃል።

የክብደት መጠን በቀላሉ ይሰላል፤ ኪሎን ለቁመት በሜትር ማካፈል፣ ያገኙትን እንደገና ለዚያው ቁመት ማካፈል ነው። ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው 58 ኪሎ ሲመዝን 20፣ 72 ኪሎ ሲሞላ 25 ገደማ፣ 87 ኪሎ ሲደርስ 30 ይሆናል። ከ25 በላይ ክብደት በዝቷል፣ ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው ይባላል። ለእኛ ሰው ግን 25 እስኪደርስ መጠበቅን አልመክርም። ወገብን በሜትር መለካት ይሻላል፤ በዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን መመዘኛ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይበሉ አድረው የሚለኩት የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ወደ በሽታው እየተጠጋ ነው፤ በተደጋጋሚ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። ለዕረፍት ጎጃም የመጣ ሰው ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም በአንድ ጠዋት ሊለካው ይችላል።

ነገሩ ወደ ኋላ የሚመለስ መሆኑ ተስፋ ይሰጣል። ኬሪን ኦዲ የተባለች አውስትራሊያዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 የስኳር በሽታ የያዛቸውን አሥር የአገሩ ነባር ሕዝብ አባላት ወደ ቀድሞ አካባቢያቸው አብራ ወስዳ፣ ለሰባት ሳምንት እያደኑና እየለቀሙ እንዲኖሩ አደረገች። በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ፤ የደም ስኳራቸውም እጅግ ተሻሻለ። ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ አባቱ ማሳ ይመለስ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ገደማ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲታገዙ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ከየት ይጀመር ለሚለኝ ከመጠጡ እላለሁ፤ ለስላሳውን በውኃና ስኳር ባነሰው ሻይ መተካት። ቀጥሎ ዘይቱን ከጀሪካን ሳይሆን በማንኪያ እየለኩ ማፍሰስ። ሦስተኛው የጾሙን ሰዓት፣ ሥራው በሚፈቅድበት ቀን፣ ወደ ቦታው መመለስ። በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ ደግሞ ከቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ባለው መንገድ ሊገኝ ይችላል።

አገር ቤት ያለነውም ድርሻ አለን። በስልክ ምስል ፊቱ ጠበብ ብሎ ሲታይ «ምን ሆንክ?» ብለን ባናስደነግጠው፣ ሲወፍር ባናሞግሰው፣ ይልቅ ስንት ሰዓት እንደሚተኛና ከማን ጋር እንደሚበላ ብንጠይቀው ይረዳዋል። ስንቅ ስንልክም ቅቤው ላይ ብቻ አናተኩር፤ ግብጦ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶና ምጥን ሽሮ ከቅቤው በላይ ይጠቅሙታል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው የጾሙን ሰዓት በራሱ ፈቃድ አይግፋ። መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ከቆየ የደም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። እንዲህ ሲሰማው ጾም መሆኑን ሳያስብ ወዲያው ስኳር ወይም ጭማቂ መውሰድ አለበት። ቤተ ክርስቲያንም ለሕሙማን ትፈቅዳለች። ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊስተካከል ይችላል።